ልጁንስ ቀበሩት?

አክስቴ የመጀመሪያ አድማጬ ናት። ለሬዲዮ የምጽፈውን የወንጀል ታሪክ ሁሉ ስቱዲዮ ከመውሰዴ በፊት ለእሷ አነብላታለሁ። አቦሉ ላይ ስጀምር በረካው ላይ አንድ ክፍል ያልቃል። ሬዲዮ የጆሮ ሥራ ነው። ወረቀት ላይ ያማረ ዓረፍተ ነገር ጆሮ ጋ ሲደርስ ይንገዳገዳል። ያ ደግሞ አክስቴ ፊት ላይ ወዲያው ይታወቃል።

ባለፈው ክረምት ባለ ስድስት ክፍል ታሪክ ጻፍኩ። ላዳ የሚነዳ አንድ ወጣት አለ። አንድ ምሽት ሦስት ተሳፋሪ ጭኖ እንደወጣ ይቀራል። መኪናዋ ከሳምንት በኋላ ሰሌዳዋ ተቀይሮ ክፍለ ሀገር ትገኛለች። እናቱ ፎቶውን ይዛ ከጣቢያ ጣቢያ ትንከራተታለች። አምስቱን ክፍል አድማጩን ሳንጠለጥል ቆየሁ። ስድስተኛው ላይ ሁሉንም ፈታሁት። መርማሪው ገዳዩን ያዘ። ገዳዩ አመነ። ካቴና ገባለት። መርማሪው ከጣቢያው ሲወጣ ሲዘንብ የሰነበተው ዝናብ አባራ። አለቀ።

ደስ ብሎኝ ነበር። ፕሮግራሙ የሚተላለፈው ማታ ነው። የሚያዳምጠን ዘበኛ አለ፣ ተረኛ ነርስ አለች፣ እንቅልፍ አልወስድ ያለው ሰው አለ። እነዚህ ሰዎች ሬዲዮውን ሲዘጉ እፎይ እንዲሉ እፈልጋለሁ። አስፈርቼ የምተዋቸው ሰዎች አይደሉም። ያ ዝናብ ማባራቱ ለእነሱ ብዬ ያደረግኩት ነው።

አክስቴ ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠች።

"ልጁንስ ቀበሩት?" አለችኝ።

ወረቀቱን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ልጁ አምስተኛው ክፍል ላይ ገደል ሥር ይገኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ የለም። ገዳዩን እስከ መጨረሻው ስከተል ልጁን ገደሉ ሥር ትቼው ሄጃለሁ።

"እናትየዋስ? ማን ነገራት? በስልክ ነው የነገሯት?"

መልስ አልነበረኝም። ስድስተኛውን ክፍል እንደገና ጻፍኩት፤ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ስለ ወንጀል ታሪክ አጨራረስ ያሰብኩት፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁሉ ካሰብኩት ይበልጣል።

ልጅ ሆነን ማታ ማታ የምንጫወታቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ እንቆቅልሽና ተረት። እንቆቅልሽ ላይ "ምን አውቅልህ" ትላለህ፤ ትሞክራለህ፤ አልመጣልህ ካለ "አገር ስጠኝ" ትባላለህ። ጎንደርን ትሰጣለህ። እሱ አይሆነኝም ከተባልክ ሐረርን ትጨምራለህ። መልሱን የምትሰማው አገር ከፍለህ ነው። ተረት ግን የሚያልቀው በሌላ ነው። "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።" ጅቡም ይሙት፣ አህያዋም ትበላ፣ መጨረሻ ላይ ዳቦ ይጠየቃል። ልጆቹ ዳቦው እውነት ይመጣ ይመስል ይስቃሉ፤ ከዚያ ይተኛሉ።

የወንጀል ታሪክ አነሳሱ እንቆቅልሽ ነው። ማን ገደለው? እንዴት? አድማጩ ስድስት ሳምንት ሙሉ አገር ሲከፍል ይከርማል። እኔ መልሱን ሰጥቼው ጨረስኩ ብዬ ተነሳሁ። ዳቦውን ረሳሁት።

የዚህ ስህተት ሥሩ ሩቅ ነው። አባቴ ፖሊስና እርምጃው ጋዜጣን ይገዛ ነበር። እሱ ሲጨርስ እኔ እሻማበታለሁ። የማስታውሳቸው ታሪኮች የሚዘጉት በፍርድ ነው። ይህን ያህል ዓመት ጽኑ እስራት፤ ነጥብ። ያን ቁጥር ሳነብ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ቀለል ይለኛል። በሩ ተዘግቷል፤ ሰውዬው እኛ ሰፈር አይመጣም። ለአሥር ዓመት ልጅ ይህ ይበቃል።

እንግሊዞች በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ያስፋፉት የመርማሪ ልብ ወለድም በዚህ ላይ የቆመ ነው። አንድ ትልቅ ቤት አለ፣ እንግዶች አሉ፣ ሬሳ አለ። ሁሉም ተጠርጣሪ ነው። መጨረሻ ላይ መርማሪው ሰዎቹን ሳሎን ሰብስቦ አንዱን ይጠቁማል። ይህ አጨራረስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን አውጫጭኝ ነበራቸው፤ አፈርሳታም ይባላል። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል ያገሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው ካልታወቀ ወደ ቤት መሄድ የለም። የቀረ ይቀጣል። እርሻው ይቆማል፣ ከብቱ ይርበዋል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በጎሪጥ ያያል። እንግዲህ የጥፋተኛው ስም ሲወጣ የሚሰማውን አስቡት። እፎይታው ሌባው በመያዙ ብቻ አይደለም። አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ሌባ ባለመሆኑም ነው። አንተም አይደለህም፣ እሱም አይደለም፤ ተነስታችሁ አብራችሁ ትሄዳላችሁ።

ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አልንቀውም። አሁንም ስጽፍ በሐሰት የተጠረጠረውን ሰው ሳላጸዳ ታሪክ አልዘጋም። የላዳው ልጅ ታሪክ ውስጥ የተጠረጠረ ጓደኛ ነበረ። አምስተኛው ክፍል ላይ ነጻ ወጣ። ጥሩ አድርጌያለሁ። ግን ይህ ሁሉ የተረፉት ሰዎች እፎይታ ነው። የሞተው ልጅ እናት በዚያ ስብሰባ ላይ ብትኖር፣ ስሙ ሲወጣ ተነስታ ወዴት ትሄዳለች?

አክስቴ ይህን ጥያቄ ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። እኛ ቤት ያልተቀበረ ሰው አለ።

አጎቴ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወሰደ። 19 ዓመቱ ነበር። አክስቴ ታናሹ ናት። አያቴ ስንቅ ትልክለታለች፤ አድራሿ አክስቴ ነበረች። አንድ ቀን ስንቁ ተመለሰ። ሌላ ቦታ ተዛውሯል፣ ከእንግዲህ አታምጪ ተባለች። ያን ጊዜ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አያቴም ታውቃለች። ግን አልተነገራትም። ቁርጡ አልታወቀም። በዚያ ዘመን ደግሞ ለተገደለ ማልቀስ ራሱ ያስጠረጥር ነበር። ሬሳ ወረቀት ተለጥፎበት መንገድ ዳር ተጥሎ፣ እናት እንዳላየች ሆና ያለፈችበት ጊዜ ነው።

አያቴ እርሟን አላወጣችም። ይህን ቃል ሌላ ቋንቋ ውስጥ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ያልተለቀሰለት ሰው ውስጥህ ይቀመጣል፤ እርምህን እስክታወጣ ድረስ ከእሱ ጋር ትኖራለህ። የእድሩ ጸሐፊ በየጊዜው የቤተሰብ ዝርዝር ያድሳል። አያቴ የልጆቿን ስም ስትቆጥር አጎቴንም ትቆጥራለች። ጸሐፊው ያቅማማል። "አለ፣ ጻፈው" ትለዋለች። ይጽፈዋል። 14 ዓመት ሙሉ ጻፈው።

ደርግ በ1983 ወደቀ። በ1984 አንድ ሰው ወደ ቤታችን መጣ። ከአጎቴ ጋር ታስሮ የነበረ ነው። አንድ ሌሊት ስማቸው ከተጠሩት አንዱ አጎቴ እንደነበረ ነገራት። አያቴ ዝም አለች። ከዚያ "ጋቢውን ለማን ተወው?" ብላ ጠየቀችው።

"ለእኔ" አላት።

አያቴ ወደ እድሩ ሄደች። ነገሩ ቀላል አልነበረም። የእድሩ ደንብ ገንዘብ የሚከፈለው፣ ድንኳን የሚተከለው ቀብር ሲኖር ነው ይላል። ቀብር የለም። ሬሳ የለም። የሞተበት ቀን እንኳ በትክክል አይታወቅም። ዳኞቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጠው ተከራከሩ። አክስቴ እንደምትለው ነገሩን የቋጨው ራሱ ጸሐፊው ነው። "14 ዓመት ስሙን የጻፍኩት በእጄ ነው፤ አሁን የእድራችን አባል አይደለም ልበላት?" አለ። ድንኳኑ ተተከለ። ጡሩምባ ነፊው በማለዳ ሰፈሩን ዞሮ ስሙን ጠራ። ፎቶው መሐል ላይ ተቀመጠ። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ትዝ የሚለኝ በሰው ጉልበት መሐል ቁጭ ብዬ ንፍሮ መብላቴ ነው። አክስቴ ግን አንድ ነገር ደጋግማ ትነግረኛለች። ያን ሌሊት አያቴ አንኮራፍታ ተኛች። 14 ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስትተኛ ሰምታት አታውቅም።

አሁን ቀኖቹን ልብ በሉ። የደርግ ባለሥልጣናትን የሚከስሰው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የተቋቋመው በዚያው በ1984 ነው። ችሎቱ የተጀመረው በ1987። ፍርዱ የተሰጠው በ1999። አያቴ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረችም። አጎቴን በእጁ የገደለው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በስም አናውቅም። እንደ መርማሪ ልብ ወለድ ሕግ ከሆነ የእኛ ቤት ታሪክ አላለቀም። እንቆቅልሹ አልተፈታም። አያቴ ግን ተኝታለች፤ ያውም ከፍርዱ 15 ዓመት ቀድማ።

በአገር ደረጃም ያየነው ነገር ነው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በ1967 ሞቱ፤ አጽማቸው የተገኘው በ1984 ነው፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት ደግሞ ጥቅምት 1993። ስለ አሟሟታቸው ብዙ ተብሏል፣ ፍርድ ቤትም አይቶታል። ያን ቀን ሰው የወጣው ግን ለቀብር ነው። የሚወዳቸውም የማይወዳቸውም ስለ አንድ ነገር ተስማምቶ ነበር፤ ሰው መቀበር አለበት።

በእርግጥ ፍርድ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ሰውዬው በነጻ እየሄደ እናትየዋ ንፍሮ በልታ ተጽናናች የሚል ታሪክ ብጽፍ ያሳፍረኛል። ፍርዱን ስጽፍ ግን ልክ እንደሆነው እንድጽፈው ወሰንኩ። ጡረታ የወጣ የወንጀል መርማሪ ጎረቤት አለኝ። የመጀመሪያውን ጽሑፌን አሳየሁት። በትዕግሥት አነበበልኝ። "ይሄ ሰውዬ በአንድ ቀን ተያዘ፣ በዚያው ቀን አመነ፣ አለቀ፤ እኛ አገር ነው?" አለኝ።

ልክ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ሕገ መንግሥቱ ነው ያለው። ከዚያ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ግን ይደጋገማል። ከዚያ ክስ አለ፣ ምስክር አለ፣ ምስክር የቀረበት ቀን አለ፣ ዳኛ የተቀየረበት ቀን አለ። ፍርዱም ሲመጣ እንደ አድማጩ ቁጣ አይመጣም። ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው። ከባድ ግድያ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል። ዕድሜ ልክ የተፈረደበትም ከ20 ዓመት በኋላ ይህ ዕድል አለው።

ይህን ሁሉ ለምን እንደምዘረዝር ልንገራችሁ። ከሚያዳምጠን ሰው ውስጥ ችሎት የተመላለሰ አለ። ወንድሙ የተገደለበት አለ፤ ልጁ የታሰረችበትም አለ። እኔ በአንድ ምሽት ሁሉንም ቆልፌ ስዘጋው ያ ሰው ሬዲዮውን ያያል። "ይህ ሰው ስለ እኔ አያውቅም" ይላል። ከዚያ በኋላ የምለው ማጽናኛ ሁሉ አይገባውም። እፎይታውን የሚቀበለኝ ድካሙን እንደማውቅ ሲያይ ነው።

አንድ ሌላ አጨራረስም ሞክሬ ጥያለሁ። የገዳዩ አባት ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ እናትየዋ ደጅ ይመጣል። ይማጸናል። ትምራለች። ብዙ ገጠር ውስጥ ደም የሚደርቀው እንዲህ ነው። ፍርድ ቤት የፈረደበት ሰው እስራቱን ጨርሶ ሲመለስ የሟች ወንድም እየጠበቀው ሊሆን ይችላል፤ ያን የሚያስቆመው ሽምግልና ነው። ትልቅ ሥርዓት ነው። ስጽፈው እኔም አለቀስኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ሳነበው ግን ቀፈፈኝ። የማረው እኔ ነበርኩ። ልጁ የተገደለባት እሷ ናት፤ እኔ ለታሪኬ ማሳረፊያ ብዬ ምሕረቷን ከእጇ ወሰድኩት። ይቅርታ ልታደርግ ትችላለች፤ ጊዜው ሲደርስ፣ ራሷ ስትፈልግ። በስድስተኛው ክፍል መጨረሻ፣ ማስታወቂያ ሊገባ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አይደለም።

ቀደድኩት፣ ጣልኩት። የቀረኝ የአክስቴ ሁለተኛ ጥያቄ ነበር። ማን ነገራት?

መርዶ ላይ ብዙ ቆየሁ። ውጭ አገር ፊልም ላይ ፖሊሶች በር ያንኳኳሉ፣ ቆባቸውን ያወልቃሉ፣ "እናዝናለን" ይላሉ፣ ይሄዳሉ። በሩ ይዘጋል። ሴትየዋ ብቻዋን ናት። ይህን ባየሁ ቁጥር ይጨንቀኛል። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይደለም። ጎረቤት ቀድሞ ያውቃል። ዘመድ በስልክ ይጠራራል፤ ለእሷ ግን አይደወልም። ማን ይንገራት ተብሎ ይመከራል። ደካማ ልብ አላት ወይ? ማን ይያዛት? ውሃ ይዘጋጃል። ንጋት ላይ በሯ ሲንኳኳ ሰፈሩ በሙሉ ከኋላ ቆሟል። እሷ ብቻ ናት ያልሰማችው። ዋሽንግተንም ቤይሩትም ያለ ሐበሻ ይህን አልተወውም። አዲስ አበባ አባት ሲሞት የሚደወለው ለልጁ ሳይሆን ለጓደኛው ነው። ጓደኛው ሌሎች ሰብስቦ ቤቱ ይሄዳል።

ጡረተኛውን መርማሪ ስለዚህ ጠየቅኩት። መርዶ ነግሮ ያውቅ እንደሆነ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። "እኔ አልነግርም ነበር" አለኝ በመጨረሻ። "የሰፈሩን ሽማግሌ ወይም የእድሩን ዳኛ እፈልጋለሁ። እሱ ይነግርልኛል። እኔ ግን ከኋላ እቆማለሁ። ለምን ቆምክ የሚለኝ አልነበረም፤ ግን እቆማለሁ።"

ስድስተኛው ክፍል የተወለደው ከዚህች ንግግር ነው።

አዲሱ ላይ ገዳዩ ገና በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይያዛል። ማመኑም የለም፤ ክርክሩ ገና ነው። የቀረው ሃያ ደቂቃ ሌላ ነው። አስከሬኑ ምኒልክ ሆስፒታል ለምርመራ ገብቷል። የልጁ ጓደኞች፣ ሌሎቹ ባለላዳዎች፣ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ተጠርጥሮ የነበረው ጓደኛም መጥቷል። ማንም አያናግረውም፤ ከዚያ አንዱ ሲጋራ ይሰጠዋል። መርማሪው የእድሩን ዳኛ ፍለጋ ይሄዳል። ሽማግሌው ካፖርቱን እስኪለብስ በረንዳው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጨለማው ሳይገፈፍ ሁለቱ በእግር ይወርዳሉ። በየደጁ አንድ አንድ ሰው ይቀላቀላቸዋል። ማንም አይናገርም። እናትየዋ በር ጋ ሲደርሱ ሰላሳ ሰው ሆነዋል። ሽማግሌው ያንኳኳል። መርማሪው ኮፍያውን አውልቆ ከኋላ ይቆማል።

ጩኸቷን አልጻፍኩትም። ተዋናይዋ ታውቅበታለች፤ አድማጩም ያውቀዋል። ወደ ድንኳኑ ተሻገርኩ። ሦስተኛው ቀን ነው። የላዳ ሾፌሮቹ መኪኖቻቸውን በመንገዱ ዳር ደርድረዋል። መርማሪው ከሥራ ወጥቶ መጥቶ ጥግ ላይ ይቀመጣል። እናትየዋ ታየዋለች። "ቀጠሮው መቼ ነው?" ትለዋለች። ቀኑን ይነግራታል። አጠገቧ ያለችው ጎረቤቷ ቀኑን ሰምታ "አብሬሽ እሄዳለሁ" ትላታለች።

አዘጋጁ ትንሽ ፈርቶ ነበር። አድማጩ ይከፋዋል፣ ዝናቡ ቢያባራ ይሻላል አለኝ። እኔ ደግሞ ይህ ነው የሚያስተኛው አልኩት። ዝናብ ሲያባራ አይቶ የተጽናና ሐዘንተኛ አላውቅም። ቀጠሮ አብሬሽ እሄዳለሁ ተብላ የተጽናናች ግን አውቃለሁ።

ከቀረጻው በፊት ለአክስቴ አነበብኩላት። አቦሉ ላይ ጀመርኩ። መርዶው ጋ ስደርስ ነጠላዋን አውልቃ ዘቀዘቀችው። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ማንበቤን ቀጠልኩ። ድንኳኑ ጋ ስደርስ እጇን አነሳች።

"ንፍሮውን ማን ቀቀለው?"

አላሰብኩበትም ነበር። ቀና ብዬ አየኋት።

"የሾፌሮቹ ሚስቶች ናቸው የቀቀሉት" አለችኝ። "በትልቁ ብረት ድስት። ስንዴና ባቄላ። ጻፈው።"